አባንግን ያረምኩበት ሳምንት

ከተመለስኩ ጀምሮ የመምህራን ክፍል ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «ጋምቤላ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ሙቀት ነው» እልና ወደ ደብተር እርማቴ እመለሳለሁ። ከዚያ በላይ አልናገርም። እናንተ ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ እዚያ ድረስ የምትሄዱበት ጉዳይ ስለማይኖራችሁ፣ መንገዱንም፣ ምግቡንም፣ ሰዉንም፣ እኔ እዚያ ሄጄ የሠራሁትንም ከዚህ አንብቡት። አስደሳች ነገር የምትጠብቁ ከሆነ ግን ከወዲሁ ተዉት።

የሄድኩት በታደለ ምክንያት ነው። ታደለ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ሲሆን አሁን ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ነርስ ነው። ተማሪ ሳለ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ጎዊንግ ቱ» ብሎ መጻፍ ሲገባው «ጎና» ብሎ ስለጻፈ የጥያቄውን ነጥብ በሙሉ ወስጄበታለሁ። እስከ ዛሬ በስልክ ሲያገኘኝ እየሳቀ ያነሳብኛል። ነገሩን ለማታውቁት፣ ፈረንጆች ሲያወሩ ቃል ያጣብቃሉ፤ «ጎዊንግ ቱ»ን «ጎና»፣ «ዋንት ቱ»ን «ዋና»፣ «ጋት ቱ»ን «ጋታ» ይላሉ። እኛም እኮ «ምን አለበት» ማለት ሰልችቶን «ምናለበት» እንላለን። ለተማሪዎቼ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሰጠሁት ደንብ ግን አንድ ነው። ይሄ የሰነፍ አፍ ነው፣ በጽሑፍም በንግግርም አትንኩት ብዬ ነው ያሳደግኳቸው።

ታደለ የደወለው ለጎረቤቱ ለአባንግ ብሎ ነው። ኢታንግ ውስጥ ያለ አንድ የእርዳታ ክሊኒክ አስተርጓሚ ፈልጎ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ነው። አባንግ እንግሊዝኛ የተማረችው ከክፍል ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኗ እንግዶች ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ለውጭ ሰባኪዎች ታስተረጉማለች። ከዚህ በፊት የሞከረችው የወረቀት ፈተና ግን ጥሏታል። ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ከሄደ በኋላ ስልኩ አይነሳም፤ የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት፣ አሪየት የምትባል። ይሄን ሥራ ካላገኘች ዲማ ወርዳ ወርቅ ቆፋሪዎች የሚመገቡበት የወንድሟ ሚስት ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ልታጥብ ነው፤ ልጅቷን ደግሞ እዚያ ይዞ መሄድ አይቻልም። ታደለ «ቲቸር፣ እርስዎ ለጥቂት ቀን ቢያዩልኝ ታልፋለች» አለኝ። የሴሚስተር ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ደግሞም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ሰው ሲፈልገኝ ደስ ይለኛል።

ረቡዕ። ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ለአባንግ ቤት ስጦታ ብዬ በላስቲክ ዕቃ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይዣለሁ፤ ለራሴ ሁለት ሹራብና ጋቢ። አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ሴት ጋቢውን አይታ «ወዴት ነዎት?» ስትለኝ ጋምቤላ አልኳት። ሳቋ እስከ ጅማ አልበረደም። ጅማ ምሳ በላን፤ ማታ በደሌ አደርን። አልጋው ንጹሕ ነው፣ ብርድ ልብሱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እኛ ዘንድ በአንድ ብርድ ልብስ የሚያድር እስረኛ ብቻ ነው ብዬ አስተናጋጇን ሌላ አስመጣኋት። በማግስቱ ሙቀቱ እንዴት እንዳሳፈረኝ ልነግራችሁ ነው።

ሐሙስ። እስከ ጎሬ ድረስ መንገዱ ጫካ ነው፤ እኛ ባሕር ዛፍ ቆጥረን የምናልፈውን ያህል እዚያ ዛፉ ሰውን የሚቆጥር ይመስላል። ከቡሬ በኋላ አውቶብሱ ቁልቁል መጠማዘዝ ጀመረ። በየመታጠፊያው አንድ ሰው ልብስ ያወልቃል። እኔ ላይኛውን ሹራብ አወለቅኩ፣ ከዚያ ታችኛውን፣ ከዚያ የሚወልቅ አለቀብኝ። ከሜዳው ስንደርስ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ትኩስ ነበር። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ስላለ ጋምቤላ መናኸሪያ በካልሲ ወረድኩ።

ታደለና አባንግ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። አባንግ ረጅም ናት፣ ከታደለ በአንድ ራስ ትበልጣለች። ቦርሳዬን ከእጄ ወስዳ «ቲቸር፣ መጣሽ? ደከመሽ?» አለችኝ። እኔ የንስሐ አባቴ እንኳ «እርስዎ» የሚሉኝ ሴት ነኝ። ፊቴ ተለውጦ መሆን አለበት፣ ታደለ ጠጋ ብሎ እዚህ አማርኛ ለብዙው ሰው ሁለተኛ ቋንቋ እንደሆነ፣ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ እንደሚባል፣ ንቀት እንዳልሆነ ነገረኝ። እሺ አልኩት፤ ግን አልተዋጠልኝም።

ታደለ መሃል ከተማ ሆቴል ይዞልኝ ነበር። ክፍሉ ማራገቢያ አለው፤ መብራት ግን ጠፍቷል። ፎጣ በውሃ ነክሬ ራሴ ላይ አድርጌ ስቀመጥ አባንግ እንዴት ነሽ ልትለኝ መጣች። አየችኝ። ቦርሳዬን አንስታ ወጣች፤ ተከትያት ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ቤቷ ስንደርስ አልጋዋን ከነአጎበሩ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ስር አውጥታ ለኔ ሰጠችኝ፤ እሷ፣ እናቷና አሪየት ምንጣፍ ላይ ተኙ። እኛ ለእንግዳ ብርድ ልብስ እንደምንደራርብ፣ እነሱ ነፋሱ የሚያልፍበትን ቦታ ይሰጣሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ አድሬ አላውቅም፤ ያኔ ግን «አንቺ» መባሌን ነበር የማስበው።

ዓርብ። ለቁርስ የበቆሎ ገንፎ ከባሮ ዓሣ ወጥ ጋር ሲቀርብልኝ ጾሜን ለመናገር አፈርኩ። አጥንቱን በምላስ መለየት ስለማልችል የአባንግ እናት፣ ያለ አንዳች ቋንቋ፣ ፊቴ ቁጭ ብላ እየለቀመች አበላችኝ። ከዚያ ማስተማሪያ ደብተሬን ሳወጣ ጉድ ፈላ። ጭኮው ቀልጦ፣ ቅቤው ክዳኑን አልፎ፣ የሠላሳ ዓመት ማስታወሻዬ በቅቤ ተለውሷል። አሪየት አንዱን ገጽ ስትልስ ደረስኩባት። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ያ ቀን ሁላችንም የሳቅንበት የመጨረሻው ቀን ነው።

ትምህርቱን ስንጀምር አባንግን ስለ ሥራዋ በእንግሊዝኛ እንድታወራልኝ ጠየቅኳት፤ ስህተቷን በኋላ ላሳያት ብዬ በስልኬ ቀዳሁት። ሁለት ደቂቃ ነው። አንድ ቀን ልጇ ታሞባት ለመጣች ደቡብ ሱዳናዊት እናት ሐኪም ፊት እንዴት እንዳስተረጎመች ነው የተናገረችው። ሴትዮዋ መርፌ ፈርታ ልጁን ይዛ ልትሮጥ ስትል ሐኪሙ «ሊስን ማማ፣ ሂ ኢዝ ጎና ቢ ኦኬ፣ ዩ ጋታ ትረስት ሚ»፣ ስሚ እናቴ ይሻለዋል እመኚኝ፣ ያላትን እንዴት ብላ በራሳቸው ቋንቋ እንዳቀበለቻት፣ ሁለቱም እንዴት እንደሳቁ። እያወራች እጇ ይሄዳል፣ ትከሻዋ ይሄዳል። እኔ ቀይ ስክሪብቶዬን ይዤ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ስህተት።

ቅዳሜ። «ጎና» ባለች ቁጥር ጠረጴዛውን በስክሪብቶ አንኳኳለሁ። ታደለ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ ጥቂት ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ እያፈረ፣ ቲቸር ትንሽ ላላ ቢያደርጉላት፣ ክሊኒክ ውስጥ እኮ ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው አለኝ። ያኔ ነጥብህን የወሰድኩብህ አልበቃህም ወይ አልኩት። ዝም ማሰኘት እችልበታለሁ፣ እሱንም በሠላሳ ዓመት የተማርኩት ነው። ማታ ባሮ ድልድይ ላይ ነፋስ ልንቀበል ወጣን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ራሰ በራ ወፎች ቆሻሻ ክምር ላይ እንደ ጡረተኛ ተደርድረው ቆመዋል። አባንግ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል እንግሊዝኛ አልተናገረችም። ስህተት ፈርታ መሆኑ አልገባኝም፤ እያሰላሰለች ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ። ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰደችኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ከኋላ ነው የተቀመጥኩት። ከውጭ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ነበር፤ አባንግ ከጎኑ ቆማ ወደ ቋንቋቸው፣ ወደ አኙዋክኛ፣ ታስተረጉማለች። እዚያ ማስተርጎም ቃል ማቀበል ብቻ አይደለም። ሰውየው ጎንበስ ሲል ጎንበስ ትላለች፤ ሲጮህ ትጮኻለች፣ ሲያንሾካሹክ ታንሾካሹካለች፤ በመሃረብ ላቡን ሲጠርግ በሌለ መሃረብ ትጠርጋለች። ኋላ ስጠይቃት አስተርጓሚ የራሱ ድምፅ ሊኖረው አይገባም፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው መሆን አለበት ብለው እንዳሳደጓት ነገረችኝ። ሰዉ እሷን አያይም፣ ሰባኪውን ነው በእሷ ውስጥ የሚያየው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን አይቶ ይጠነቀቅ ነበር። እኔ ግን ይሄን ሰውዬ በአንድ ጠዋት እንዲህ ከያዘች እኔንም ትይዘኛለች አልኩ።

ሰኞ። ጠረጴዛውን ትተን ማንጎው ስር ጎን ለጎን ቆምን። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳላጣብቅ፤ እሷ ከጎኔ ሆና ትደግማለች። እግረ መንገዴን አማርኛዋንም ነካካሁት፤ ቢሮ ስትገቢ ትልቅ ሰው «እርስዎ» ይባላል፣ እኔንም ጨምሮ አልኳት። «እሺ፣ እርስዎ» አለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ጨርሳለች። አንድም «ጎና»፣ አንድም «ዋና» የለም። ከመናገሯ በፊት እንደኔ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። እንደኔ በጣቷ መነጽሯን ወደ ላይ ትገፋለች፤ መነጽር የላትም እኮ። እንባዬ መጣ። ዘንድሮ ጡረታ ብወጣም አይቆጨኝም ብዬ ለታደለ ነገርኩት። እሱ ግን የሚያየው አባንግን ነበር።

ማክሰኞ። በጠዋት ሚኒባስ ይዘን ኢታንግ ሄድን። የአባንግ እናት ለልጇ በሩ ላይ ጸልያላት ነው የሸኘችን፤ አሪየት ደግሞ እናቷ ዲማ እንደማትሄድ ከኔ አፍ ቃል ካልሰማች አልለቅም ብላ ቀሚሴን ያዘች። ቃል ሰጠኋት።

ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ክፍል ቆርቆሮ ነው፤ ከሙቀቱ የተነሳ መስኮቱ ተከፍቷል። እኔ ከውጭ በረንዳው ላይ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁሉም ይሰማኛል። ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዷ ፈረንጅ ናት፣ የክሊኒኩ ሐኪም። ድምፅዋ የጎረቤት ድምፅ ነው። «ሶ አባንግ፣ ዋት አር ዊ ጎና ቶክ አባውት ቱዴይ?»፣ ዛሬ ስለ ምን እናውራ፣ ብላ ሳቀች።

መጀመሪያ የጉሮሮ ጠረጋ። ከዚያ «አይ። ኧም። ጎዊንግ። ቱ። አንሰር። ዩር። ኩዌስችንስ።»

ሐኪሟ ልታቀርባት ሞከረች። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ አወራቻት። አባንግ ለእያንዳንዱ ልክ የቃል ጽሕፈት እንደሚያስጽፍ ሰው መለሰች። ቀጥሎ እኔ ልጇ በትኩሳት የሚነድባት እናት ነኝ እንበል፣ አረጋጊኝ አለቻት። አባንግ «ዩ። ሹድ። ኖት። ቢ። አፍሬይድ» አለች፣ መፍራት አይገባሽም እንደማለት። የሐኪሟም ድምፅ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ሳቁ ጠፋ፣ ማጣበቁ ቀረ፣ እሷም በመጨረሻ እንደ ደብዳቤ መናገር ጀመረች።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በመስኮቱ የምሰማው ራሴን ነው። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ የተናገርኩት እንግሊዝኛ፣ አንድም ስህተት የሌለበት፣ ማንንም ግን የማያባብል። ለማመልከቻ፣ ለፈተና ወረቀት፣ ለማታውቀው አለቃ ቃሉን ሙሉ አድርገህ ጻፍ፤ ደንቡ ልክ ነው፣ አሁንም አስተምረዋለሁ። ሰው ግን ፊት ለፊትህ ቁጭ ብሎ እያጣበቀ ሲያወራህ «ና፣ ጠጋ በል» ማለቱ ነው። ጓደኛህ አንተ እያለህ እርስዎ ብትለው ምን ይሰማዋል? አባንግ ይሄን ታውቅ ነበር። እኔ መጥቼ ነው ያስረሳኋት።

የቢሮው ጸሐፊ፣ እንደኔው ከደጋ የመጣ ወጣት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣ። አባንግ ቀድማ «ስህተት ነበረብኝ?» አለችው። አንድም ስህተት አልነበረብሽም አላት። ወደኔ ስትዞር ፊቷ በርቷል። ከዚያ ቀሪውን ተናገረ፤ ሥራው ከታመሙ ልጆች እናቶች ጋር ነው፣ እሷ ማስታወቂያ የምታነብ ትመስላለች፣ ሰው ያርቃል ብለዋል። የኢታንግ ልጅ የሆነ ሌላ ሰው፣ እንግሊዝኛው ከሷ ያነሰ፣ ተመርጧል።

ይሉኝታ አልያዘኝም። ስልኬን ይዤ ሳይፈቀድልኝ ገባሁ። የቀዳሁትን ከፍቼ ሐኪሟ ጆሮ ላይ አደረግኩት፤ ሁለቱንም ደቂቃ አዳመጠች፣ ሳቀችም። ከዚያ አባንግን አስጠርታ ይሄ የማን ድምፅ ነው አለቻት። የኔ ነው አለች። እስቲ አሁን እንደዚህ አውሪኝ አለቻት። አባንግ ወደኔ አየች፣ ፈቃድ ትጠይቃለች። «እንደ በፊቱ፣ እንደ ልብሽ ተናገሪ፣ እኔን እርሺኝ» አልኳት በአማርኛ።

ሞከረች። እጇ ትንሽ ተነሳና ወረደ። ጉሮሮዋን ጠረገች። የሌለ መነጽሯን ገፋች። «ሊስን» ካለች በኋላ ቆመች፣ አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነኝና፣ ቀጥሎ የመጣው የኔው ድምፅ ነው። ሐኪሟ ዓይኗን ሰበረች። ደግ ሴት ናት፣ እጃችንን በሁለት እጇ ጨብጣ ሸኘችን። ሚኒባሱ ውስጥ ለአባንግ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት፤ ደጋግሜ አልኳት። አይደለም አለች፣ አንድም ስህተት የለብሽም ብሎኛል እኮ አለች።

ቤት ስንደርስ አሪየት ቀሚሴን አልያዘችም። ከሩቅ አየችኝና አያቷ ጀርባ ሄደች።

ረቡዕ። መናኸሪያው ላይ ሁለት መኪና ቆሟል፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ የዲማ። የአባንግ ዕቃ አንድ ፌስታል ነው። የኔ ግን ከመጣሁበት ይከብዳል፤ እናቷ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ማንጎ በከረጢት ሞልታ ሰጥታኛለች። እኔ ልጇን ነጠቅኳት፣ እሷ ስንቅ ሰጠችኝ። እንዲህ ዓይነት ደግነት ሰው ይገድላል፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። አባንግ አቅፋኝ «ቲቸር፣ ለኔ ብለው ሩቅ መጡ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት» አለችኝ። ቃሉ አንድም አልተዛነፈም። መኪናዋ ቀድሞ ወጣ።

የመልሱን መንገድ አልጽፈውም። ጎሬ ላይ ሹራቤን ለበስኩ፣ ጫካውን አላየሁትም።

ደብረ ብርሃን ብርዱ እንዳለ ነው። ክፍል ገብቼ «ጎና»ን ቦርድ ላይ ጽፌ፣ መቼ እንደሚባልና መቼ እንደማይባል አስተማርኩ፤ ተማሪዎቹ ምን ነካት ተባባሉ። ለማን ይጠቅማል? የሁለት ደቂቃዋን ቅጂ አሁንም አልደመሰስኳትም። ደጋግሜ እሰማታለሁ፣ አሥራ አንዱ ስህተቶች ግን የት እንዳሉ አሁን አላገኛቸውም።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። ከጀርባዋ ሳህን ይንኳኳል፣ ወንዶች ምግብ ይጠራሉ። «እንዴት ነዎት ቲቸር?» አለችኝ። አሪየትን ካየቻት ሁለት ወር ሆኗታል። እባክሽ በእንግሊዝኛ አውሪኝ፣ እንደዚያ ዓርብ ቀን፣ ማንጎው ስር እንዳወራሽኝ አልኳት። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል የጉሮሮ ጠረጋዬን ሰማሁት። «አይ። ኧም። ዋሺንግ። ዘ። ፕሌትስ» አለች፣ ጥርት አድርጋ።

«አሁን ስህተት የለብኝም አይደል፣ ቲቸር?»

«የለብሽም» አልኳት።